ደመወዛችን እጃችን ሳይገባ ስለሚቆረጠው፦ ለዕቅድ፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
የዕቅድ፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ)

ጉዳዩ፦ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው የሥራ ግብር ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ስላቃለለውና ስላላቃለለው ሸክም

ክቡራትና ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ማምረቻ ድርጅት በወር ደመወዝ የምንተዳደር ሠራተኞች ነን። ደብዳቤውን እንድጽፍ የተወከልኩት እኔ የድርጅቱን ፔሮል (የወር ደመወዝ ሒሳብ) የምሠራው ነኝ፤ ስለዚህ እዚህ የሰፈሩት ስሌቶች ከወሬ የተለቀሙ ሳይሆኑ በየወሩ በእጄ የሚያልፉ ናቸው። የሰዎቹን ስም ትተናል፤ በጉዳዩ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ለመጻፍ ያነሳሳን ሁለት ነገር በአንድ ሰሞን መገጣጠሙ ነው። የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ በሐምሌ 2017 ሲጸድቅ ደመወዝተኛው ትልቅ እፎይታ አገኘ ተብሎ ተነገረን። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ በሥራ ቦታችን ስለ ቤተሰብ በጀትና ቁጠባ ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነበሩ፣ ነገሩንም አሳምረው አስረዱን፤ ወጪን መመዝገብ፣ ለድንገተኛ ነገር ማስቀመጥ፣ ከገቢ ላይ አንድ አምስተኛውን ሳይነኩ ማቆየት። ከኋላ የተቀመጠች የስፌት ክፍል ሠራተኛ እጇን አውጥታ «ከየትኛው ነው የምቆጥበው፣ ከጠቅላላው ነው ወይስ ከሚደርሰኝ?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ብዙዎቻችን ወጪያችንን መዝግበን ስናየው ከትልልቆቹ ሁለት ወጪዎች አንዱ ሆኖ የሚገኘው እኛ መቀነስም ማዘግየትም የማንችለው የሥራ ግብር ነው። ያንን ወጪ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ቤተሰብ በጀት አውጥቶ ይኑር ከተባለ፣ ይህን ትልቅ ወጪ የሚወስነው ሕግም ኑሮው በሄደበት መጠን አብሮ መሄድ አለበት። ጥያቄያችን ይኸው ነው።

አዋጁ ያቃለለልንን አንክድም። ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ወደ 2,000 ከፍ ብሏል። 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ይከፍል የነበረው 935 ብር ወደ 700 ወርዷል። 10,000 የሚያገኘው ከ2,045 ወደ 1,650። 14,000 የሚያገኘው ከ3,400 ወደ 2,850። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ፣ ደመወዙ 15,000 ይሁን 50,000፣ ያገኘው ቅናሽ ያው 550 ብር ነው። በሐምሌ ወር ፔሮል ላይ ይህን አይቶ «ስህተት አለ፣ ደግመሽ አስይው» ያለኝ ሰው አንድ ብቻ አይደለም። ስህተት አልነበረም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን።

በመጀመሪያ የግብር እርከኖቹ፣ ማለትም እያንዳንዱ የግብር ምጣኔ የሚሠራባቸው የደመወዝ መጠኖች፣ ለዘጠኝ ዓመት ባሉበት ተቸንክረው መቆየታቸውና አሁንም መቸንከራቸው ነው። የቀድሞው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ ከ2008 እስከ 2017 አንድም ጊዜ ሳይነካ ሠርቷል። በእነዚህ ዓመታት የኑሮ ውድነቱ ምን እንደሠራን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በመሃል አሠሪዎች ለኑሮ ውድነት ብለው ጥቂት ጥቂት ይጨምራሉ። ጭማሪው ሰውዬው ቀድሞ ይገዛ የነበረውን እንዲገዛ ለማስቻል እንኳ አይበቃም፤ ሠንጠረዡ ግን ሀብታም እንደሆነ ቆጥሮ ወደ ላይኛው እርከን ያወጣዋል። በአሮጌው ሠንጠረዥ 5,000 ብር የሚያገኝ ሰው 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ደመወዙ እጥፍ ሆኖ 10,000 ሲገባ ግብሩ 2,045 ደረሰ። ደመወዙ እጥፍ፣ ግብሩ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ጤፉና ኪራዩ ደግሞ ደመወዙን ጥለውት ከሄዱ ቆይተዋል። ይህን የግብር ጭማሪ ማንም ሕግ አውጪ ቁጭ ብሎ አልወሰነውም፣ ማንም እጅ አውጥቶ ድምፅ አልሰጠበትም፤ በዝምታ የመጣ ነው።

35 በመቶው የሚጀምርበትን ቦታ ደግሞ ተመልከቱልን። በ2008 ከፍተኛው ምጣኔ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር፤ ዶላሩ ያኔ 22 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 500 ዶላር ይጠጋል። አሁን ከ14,000 ብር በላይ ነው፤ ዶላሩ ግን ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ወጥቶ፣ የተሻሻለው አዋጅ ሲጸድቅ በባንክ ከ130 ብር በላይ ነበር። ስለዚህ ከፍተኛው የግብር ምጣኔ በወር ከ110 ዶላር በታች ከሚያገኝ ሰው ይጀምራል። ደመወዛችን በዶላር አይደለም የምትሉን ከሆነ፣ እውነት ነው። የምንገዛው ዘይት፣ መድኃኒትና የልጆች ደብተር ግን ዋጋው የሚከተለው ዶላሩን ነው።

የመንግሥት ሠራተኛውም ከዚህ አላመለጠም። በመስከረም 2018 በተጀመረው የደመወዝ ማስተካከያ የአንድ ጀማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው 4,560 ብር ነው። በአዲሱ ሠንጠረዥ ስታሰሉት ከዚህ ጭማሪ 1,212 ብሩ በግብር፣ 319 ብር ከ20 ሳንቲሙ በጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። በዜና የሰማነው 4,560፣ እጅ የሚገባው ሦስት ሺህ ብር ገደማ። የግል ድርጅት ሠራተኛው ዘንድ ደግሞ ይህም የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ከደነገገ ዓመታት ቢያልፉም እኛን የደረሰ ወለል አላየንም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ፤ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ይመስለኛል። በአሮጌው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ግብር የሚከፈልበት እርከን 10 በመቶ ነበር። አዲሱ ያንን እርከን አጥፍቶታል። ከ2,000 ብር በላይ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ብር የምትጀምረው ከ15 በመቶ ነው። ዛሬ ትንሽ ይመስላል። 2,000 ብር እንደ 600ው ተረስቶ ሌላ ዘጠኝ ዓመት ከተቀመጠ ግን ይህን የሚሸከሙት ከሁሉም ያነሰ የሚያገኙት ናቸው።

ሁለተኛው ቅሬታችን አጭር ነው። ለጡረታ ከሚቆረጥብን 7 በመቶ ላይ ግብር እንከፍላለን። ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመነሳቱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው። 12,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 840 ብር ለጡረታ ይቆረጥበታል፤ ያንን ብር በእጁ አይነካውም፣ 60 ዓመት እስኪሞላው ላያየው ይችላል፣ ግን የዚህ ወር ገቢህ ነው ተብሎ 252 ብር ግብር ይከፈልበታል። በዓመት 3,024 ብር። ቆጥቡ የሚል መንግሥት ሕግ አስገድዶ በሚያስቆጥበን ገንዘብ ላይ ግብር የሚወስድበትን ምክንያት ልታስረዱን ትችላላችሁ?

የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ያለበት ወጣት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። እዳው የሚከፈለው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው፤ አሁንም ከጠቅላላው። ባለፈው ዓመት የተቀጠረ አንድ የጥገና መሐንዲስ አለን፣ ደመወዙ 12,000። ግብር 2,250፣ ጡረታ 840፣ ወጪ መጋራት 1,200። የሚደርሰው 7,710። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ያ ድንጋጌ ግብርንና ጡረታን ይመለከታል እያልኩ አይደለም። ሕግ አውጪው ሰው ከሲሶ በላይ ተቆርጦበት መኖር እንደማይችል አንድ ቦታ ላይ ካመነ ግን ሌላው ቦታ ላይ ለምን ይዘነጋዋል? የዚህ ልጅ ተቆራጭ ከሲሶ አልፏል።

ሦስተኛው፣ እኛ ዘንድ ከሁሉም የሚቆረቁረው፣ ሕጉ ከደመወዙ በስተጀርባ ስንት አፍ እንዳለ አለመጠየቁ ነው።

በጥራት ቁጥጥር ክፍል የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት እናት አለች። ሦስት ልጆችና እናቷን ታስተዳድራለች። ደመወዟ 20,000 ብር ነው፤ በድርጅታችን ጥሩ ተከፋይ ከሚባሉት ናት። ግብሯ 4,950፣ ጡረታዋ 1,400፣ የሚደርሳት 13,650። ሥልጠናው ላይ የወጪ ደብተር ያላችሁ አሳዩ ሲባል ካወጡት ጥቂቶች አንዷ እሷ ነበረች፤ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር፣ ገጹ በማስመሪያ ለሁለት የተከፈለ። እንዳየው ፈቅዳልኛለች። የቤት ኪራይ 5,000። የትንሿ ልጅ አፀደ ሕፃናት 1,800። የአራት ሰው ትራንስፖርት 1,500። መብራትና ውኃ 450። እድር 150። እቁብ 1,000። ቀሪው 3,750 ብር ለምግብ። ለአምስት ሰው በቀን 125 ብር መሆኑ ነው። ልብስ፣ ሕክምና፣ ሳሙና የሚል መስመር የለም፤ «ከእቁቡ» ብላ ጥግ ላይ ጽፋለች። እቁቡ እስኪደርሳት ልጅ ቢታመም የት እንደምትሄድ አልጠየቅኳትም። የሥራ ግብሯ ከቤት ኪራይዋ የሚያንሰው በ50 ብር ብቻ ነው፤ አምስት ሰው ወሩን ሙሉ ከሚበላው ደግሞ ይበልጣል።

እዚያው ግቢ የሚከራዩ፣ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት አሉ፤ ሁለቱም የእኛው ባልደረቦች ናቸው። እያንዳንዳቸው 10,000 ያገኛሉ። ቤቱ የሚገባው ጠቅላላ ደመወዝ ያው 20,000 ነው። የሁለቱ ግብር ተደምሮ ግን 3,300 ብር፣ የሚተርፋቸው 15,300። የአምስት ሰው ኃላፊነት ያለባት እናት ሁለት ሰው ካለበት ቤት በወር 1,650 ብር፣ በዓመት 19,800 ብር የበለጠ ግብር ትከፍላለች። ባልና ሚስቱ ብዙ ያገኛሉ፣ ይጨመርባቸው እያልን አይደለም፤ እነሱም እንደኛው ናቸው። የእሷ ግን የግብር ፍትሕ ነው ብሎ ፊቷ ቆሞ ለማስረዳት የሚደፍር ባለሙያ ካለ እኛ እናገናኘዋለን።

አራተኛ፣ እኛ ግብር የምንከፍለው ምንም ወጪ ሳይነሳልን፣ ሌላው ግን ወጪውን ካነሳ በኋላ ነው። ሒሳብ የሚይዝ ነጋዴ የሱቁን ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የዕቃውን እርጅና ቀንሶ በሚተርፈው ትርፍ ላይ ይከፍላል። ተገቢ ነው። በ2008ቱ አዋጅ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ ቤት አከራይ እንኳ ከኪራይ ገቢው ግማሹ ለጥገናና ለመሳሰለው ወጪ ተብሎ ይቀነስለት ነበር። ደመወዝተኛው ገቢውን ለማግኘት የሚያወጣው ወጪ የለበትም? ከሰሚት ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ፋብሪካ የሚደርስ ሰው ያንን ገንዘብ ከግብሩ ላይ አያነሳም። አሠሪው የትራንስፖርት አበል ብሎ ለይቶ ከሰጠው ከግብር ነፃ የሚሆንበት አግባብ አለ፤ ካልሰጠው ግን ምንም የለውም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ አንድ ዓይነት ጠቅላላ ክፍያ ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ የአንዱ ፔሮል አዋቂ ሰው ስለሠራውና የሌላው ስላልሠራው ብቻ የተለያየ ግብር ይከፍላሉ። ሙያዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ የሰው ኑሮ በሒሳብ ሠራተኛው ጉብዝና መወሰኑ ግን ደስ አይለኝም። በተጣራው ደመወዛችን ሳሙና ስንገዛ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀናል፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

አምስተኛ፣ የተቆረጠብንን ገንዘብ ተከትለን የምናይበት መንገድ የለንም። አሠሪው ይቆርጣል፣ ለገቢዎች ያስገባል፣ ጡረታውንም የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ያደርጋል፤ ሕጉ የሚለው ይህንን ነው። ሠራተኛው ግን ገቢ መደረግ አለመደረጉን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ሲፈልገው ነው። በመጋዘናችን የሚሠሩ አንድ የ59 ዓመት አባት ከዚህ በፊት በሌላ ድርጅት ሠርተዋል። ለጡረታ ሲዘጋጁ አገልግሎታቸው 11 ዓመት ነው ብለው ነበር። መዝገቡ ላይ የተገኘው 8 ነው። የቀድሞ አሠሪያቸው ሦስት ዓመት ሙሉ 7 በመቶውን ከደመወዛቸው እየቆረጠ ገቢ አላደረገውም፤ ድርጅቱ ዛሬ ተዘግቷል። የወር ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ይጠይቃል። በቀራቸው አንድ ዓመት 9 ይሞላሉ። የወር አበል ሳይሆን አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዳረጎት ይዘው ሊወጡ ነው። ሕጉ አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል ይሉናል። የተዘጋ በር አንኳኩተው ማንን ይጠይቁ? ነጋዴ ሦስት ዓመት ግብር ሳይከፍል ቢቀር ዝም እንደማይባል እናውቃለን። የሠራተኛ መዋጮ ሲቀር በየወሩ የሚጮህ ደወል ለምን የለም?

በዚህ ላይ ብዙ ድርጅት የደመወዝ መግለጫ ለሠራተኛው አይሰጥም። አሠሪ የክፍያ መዝገብ እንዲይዝና ለሠራተኛው እንዲያስረዳ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ያዛል፤ በተግባር ግን ሠራተኛው የሚያየው ባንክ የገባለትን መልእክት ነው። ስንት ግብር፣ ስንት ጡረታ፣ ስንት ብድር ተቆረጠ ብሎ መጠየቅ እንደ መጣላት የሚቆጠርበት ቤት አለ። የራሱን ተቆራጭ የማያውቅ ሰው እንዴት ብሎ በጀት ያወጣል?

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ደመወዝተኛ ወገኖቻችን ካሉ፣ ኮሚቴው ይቅርታ ያድርግልንና ለእነሱ ሁለት መስመር እንጨምር። ስሌቱን ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ግብር የሚከፈልበት ደመወዛችሁ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሆነ በ15 በመቶ አባዙና 300 ቀንሱ። እስከ 7,000 በ20 በመቶ፣ 500 ቀንሱ። እስከ 10,000 በ25 በመቶ፣ 850። እስከ 14,000 በ30 በመቶ፣ 1,350። ከዚያ በላይ በ35 በመቶ፣ 2,050። ጡረታው የመሠረታዊ ደመወዛችሁ 7 በመቶ ነው። ውጤቱ ባንክ ከገባላችሁ ጋር ካልገጠመ ፔሮል ክፍል ሄዳችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ እኔን የሚጠይቁኝ አሉ፣ አንድም ቀን አልተቆጣሁም። የጡረታ አገልግሎታችሁንም ሥራ ስትለቁ ሳይሆን ሥራ ላይ ሳላችሁ አስጣሩ።

ወደ እናንተ ልመለስ። የመጨረሻው ቅሬታ ስለ ቁጠባ ነው። ሥልጠናው ላይ ከእቁብ ይልቅ ባንክ ይሻላል ተብለናል። ከ2010 ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ ምጣኔ 7 በመቶ ነው። አንድ ሠራተኛ እንደምንም ብሎ 20,000 ብር ቢያስቀምጥ በዓመቱ 1,400 ብር ወለድ ይታሰብለታል፤ ከዚያ ላይ በ2008ቱ አዋጅ መሠረት 5 በመቶ፣ 70 ብር፣ ግብር ይነሳና 21,330 ይሆንለታል። የዋጋ ንረቱ እንደ 2014 ከሆነ ያ ሰው ዓምና በ20,000 ይገዛው የነበረውን ዕቃ ዘንድሮ 26,000 ይጠየቃል። ከስሯል፤ በኪሳራው ላይ ደግሞ ግብር ከፍሏል። ሰው እቁብ የሚገባው ዘመናዊ አሠራር ስለማያውቅ አይደለም። ዕጣው ሲወጣለት ገንዘቡ ዋጋ ሳያጣ ቆርቆሮ፣ አልጋ ወይም የልጅ የትምህርት ክፍያ ስለሚሆንለት ነው።

መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋል የሚለው መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ያስፈልገዋል። የአገራችን የታክስ ገቢ ከኢኮኖሚው አንጻር አነስተኛ እንደሆነ ሚኒስቴሩም ደጋግሞ የሚናገረው ነው። ነገር ግን ዝቅተኛ የሆነው ከደመወዝተኛው የሚሰበሰበው አይደለም። እኛ የምንሸሽገው ብር የለም፤ ደመወዙ እጃችን ከመግባቱ በፊት ግብሩ ተነሥቷል። ደረሰኝ የማይቆርጠውን ማሳደድ ከባድ ስለሆነ ብቻ ቀላል ወደሆነው፣ ወደ ፔሮሉ፣ ዘወትር መመለስ ልክ አይደለም። ኢሠማኮ ይህን ለዓመታት ሲያመለክት ቆይቷል፤ በሜይ ዴይ ሰሞን ተደምጦ ሲያልፍ ይረሳል።

ስለዚህ ኮሚቴውን የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ከግብር ነፃ የሆነው መነሻና ሌሎቹ እርከኖች የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚያወጣው የዋጋ መረጃ መሠረት በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር እንዲከለሱ በሕግ ይደንገግ። ሌላ ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ አንችልም። ይህ ከሁሉም የሚቀድም ጥያቄያችን ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ ይፈጸምልን።

የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ይቀነስ። የወጪ መጋራት ክፍያም እንዲሁ፣ ወይም ቢያንስ ከተጣራው ደመወዝ ላይ ይሰላ።

ብቻቸውን ቤተሰብ ለሚያስተዳድሩ ወላጆች መጠነኛም ቢሆን የግብር ቅናሽ ይጠና። ማረጋገጫው ያስቸግራል ይባል ይሆናል፤ የልደት ምዝገባና የፋይዳ መታወቂያ ባለበት አገር አያስቸግርም።

አሠሪ ግብርና ጡረታ ገቢ ባደረገ ቁጥር ለሠራተኛው በስልኩ አጭር መልእክት ይድረሰው፤ ገቢ ሳይደረግ የቀረ ወር ሲኖርም እንዲሁ። ባንክ ለ50 ብር ዝውውር መልእክት በሚልክበት ዘመን የሚያቅት አይመስለንም። አሠሪያቸው ቆርጦ ላላስገባላቸው ሠራተኞች ደግሞ መቆረጡ በማስረጃ እስከተረጋገጠ ድረስ አገልግሎታቸው የሚያዝበት መፍትሔ ይፈለግ። የመጋዘኑ አባት ጊዜ የላቸውም፤ ዘንድሮ ነው።

ከአነስተኛ ቁጠባ ወለድ ላይ የሚነሳው ግብር ይቅር።

በመጨረሻም የ2019 በጀት ከመጽደቁ በፊት ደመወዝተኞችና ወኪሎቻቸው የሚሰሙበት የሕዝብ መድረክ ኮሚቴው እንዲጠራ እንጠይቃለን። ስንጠራ የሰዎቹን ስም የሰረዝንባቸውን የደመወዝ መግለጫዎችና፣ የደብተሩ ባለቤት ከፈቀደች፣ ያንን የወጪ ደብተር ይዘን እንቀርባለን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአዲስ አበባ የአንድ የግል ማምረቻ ድርጅት የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ እና የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣
በማኅበሩ አባላት ስም

ኅዳር 2018